የፈሰሰ ውሃ ሲታፈስ

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ይላሉ አበው። ውሃዋ በጠርሙስ ሆኖ ስሟን ተሸክሞ አገር በሚዞርላት በአምቦ ተቀምጦ ይህን ተረት መጠራጠር ድፍረት ይመስል ይሆናል። እኔ ግን ባለፈው ክረምት በገዛ ጣቴ አፍስሼ፣ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት በእፍኜ ሳፍስ ከርሜአለሁና በጉዳዩ ላይ አንድ ሁለት ቃል ለመናገር የሚፈቀድልኝ ይመስለኛል። «ማፍሰስ» እና «ማፈስ» በጽሕፈት የሚለያዩት በጥቂቱ ነው። በሥራ ግን ልዩነታቸው ሰፊ ነው፤ ለማፍሰስ አንድ ጣት ይበቃል፤ ለማፈስ የብዙ ሰው እጅ ያስፈልጋል። ልል የፈለግሁት በአጭሩ ይኸው ነው። ውድ አንባቢ፣ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ስለ ኮርኒስና ስለ ሶፍትዌር ማውራቴ እንግዳ ቢሆንብህ ጥቂት ታገሠኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከመጻፍና ከመጥፋት አይወጣም።

እንጀራዬ የቤት ውስጥ ዲዛይን ነው። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር አምቦ ውስጥ በከፈትናት ጠባብ ቢሮ የሰው ሳሎን መብራት የት ላይ እንደሚያስፈልገው፣ የቡና ቤት ባንኮኒ ምን ያህል ከፍ ማለት እንዳለበት፣ የጂፕሰም ኮርኒስ ስንት ካሬ ሜትር እንደሚወስድ ስናሰላ እንውላለን። ሥራችንን የምንይዘው ለዚሁ ሙያ በተዘጋጀ አንድ የፕሮጀክት መዝገብ ሶፍትዌር ነው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ መዝገብ ይከፈታል፤ በመዝገቡ ሥር ክፍሎቹ፣ በክፍሎቹ ሥር ዕቃዎቹ፣ በዕቃዎቹ ሥር ደግሞ ልኩ፣ ዋጋው፣ ፎቶግራፉ፣ የተከፈለውና የቀረው ይደረደራል። አሠራሩ የዛፍ ነው። ግንዱን የቆረጠ ሰው ቅርንጫፉን ለይቶ ማትረፍ አይችልም።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንዲት እናት ቤት ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጃቸው በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት ትኖራለች። ልጅቱ ለእናቷ መጸዳጃው ከቤት ውስጥ እንዲሆን፣ ደፉ እንዳያደናቅፋቸው፣ በሩ ሰፋ እንዲል ፈለገች። «ግን የአባቴን ቤት እንዳታጠፉብኝ» አለችን በስልክ። ቤቱ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒሱና ወለሉ ግን የጽድ ጣውላ ነው። ጣውላው በጭነት መኪና ከጊንጪ የመጣ፣ ዛፉም ከጭልሞ ደን የወጣ መሆኑን ባለቤቲቱ በኩራት ነገሩኝ። እኔም ሁለት ቀን ሙሉ ሜትሬን ይዤ እየለካሁ፣ ፎቶግራፍ እያነሣሁ፣ እርሳቸው ስለ እያንዳንዱ ነገር የሚሉትን እየሰማሁ በመዝገቡ ላይ አሰፈርሁ። እርሳቸው የሚናገሩት በኦሮምኛ ነበር፤ እኔ የምጽፈው በአማርኛ። «ጎላ» ያሉትን «ጓዳ» እያልሁ መጻፌን ያን ጊዜ ልብ አላልሁትም።

ከዚያም ቤቱ ተፈታ። 64 ጣውላዎች አንድ በአንድ ወርደው፣ በጀርባቸው በጠመኔ ቁጥር ተጽፎባቸው፣ ዝናብ እንዳያገኛቸው በላስቲክ ተሸፍነው ተከመሩ። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ፣ የቱ የኮርኒስ፣ የቱ የወለል፣ የቱ የሳሎን፣ የቱ የጓዳ እንደሆነ የሚናገረው መዝገቡ ብቻ ነበር።

አንድ ሐሙስ ማታ የተደጋገሙ መዝገቦችን ላጸዳ ተቀመጥሁ። የእኒያ እናት ቤት ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ አገኘሁት፤ አንዱን እኔ፣ ሌላውን ባልደረባዬ ከፍተነው ኖሯል። ባዶው የእርሱ መስሎኝ አንዱን ሰረዝሁ። ሶፍትዌሩ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ። እርግጠኛ ነበርሁ። የተሰረዘ መዝገብ ለ30 ቀን የሚቆይበት ማጠራቀሚያም ነበረው፤ የዚያን ዕለት ታታሪነት ተጠናውቶኝ ስለ ነበር እርሱንም ጠራርጌ ባዶ አደረግሁት። ያን ጊዜም «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ፤ ያን ጊዜም እርግጠኛ ነበርሁ። ቅዳሜ ጠዋት አናጺያችን ደውሎ «ቁጥር 17 የየትኛው ክፍል ናት?» ሲለኝ ነው መዝገቡን ከፍቼ ባዶ ገጽ ያገኘሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼኔ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ስረዛ የተማርሁትን ላካፍል፤ ብዙዎቻችን መሰረዝ ማለት ማቃጠል ይመስለናልና። በኮምፒውተር ዓለም ስረዛ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው መደበቅ ነው፤ መዝገቡ «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ተደርጎበት ከዓይን ይሰወራል እንጂ ከቦታው አይነቃነቅም። ይህን መመለስ ምልክቱን ከማንሣት አያልፍም። ሁለተኛው መዝገቡን ከሰንጠረዡ ማውጣት ነው፤ ይህን አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው ቀደም ብሎ የተቀመጠ የመጠባበቂያ ቅጂ ነው። ሦስተኛው የፋይሉ ስም ከማውጫው ሲጠፋ ነው። በቆዩት ማግኔታዊ ዲስኮች ላይ ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በቦታው ይቆያል፤ ስለዚህ ፋይል የጠፋበት ሰው የመጀመሪያ ግዴታው እጁን መሰብሰብ ነው። ከደነገጠ በኋላ መነካካት የቀረውንም ይደመስሳል። አዳዲሶቹ ኤስ ኤስ ዲ የሚባሉት ዲስኮች ግን የተሰረዘውን ቦታ በገዛ ራሳቸው ስለሚያጸዱ በዚህ መንገድ ብዙ ተስፋ አይሰጡም።

የእኔ ስረዛ ሁለተኛው ዓይነት ነበር። መድኃኒቱም ሌሊት ሌሊት በራሱ የሚከናወነው የመጠባበቂያ ቅጂ ነበር። ስከፍተው ግን የመጨረሻው ቅጂ የ40 ቀን ዕድሜ ነበረው። ምክንያቱን ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ዘበኛችን ደግ ሰው ናቸው፤ እሳት እንዳይነሣ እየፈሩ ከ40 ቀን ጀምሮ ማታ ማታ የቢሮውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ ከቆጣሪው ሥር ያጠፋሉ። ቅጂው የሚነሣው ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት ነው። ሁሉም ሥራውን በትክክል እየሠራ፣ ቅጂው ግን አንድ ሌሊት እንኳ ሳይነሣ 40 ቀን አለፈ። የእኒያ እናት መዝገብ ደግሞ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በጠባብ ቢሮ ብቻ የሚሆን አይምሰልህ። በ1998 እ.ኤ.አ. ፒክሳር በተባለው የአሜሪካ የፊልም ድርጅት «ቶይ ስቶሪ 2» እየተሠራ ሳለ በአንዲት የተሳሳተች ትእዛዝ አብዛኛው ሥራ ከኮምፒውተሩ ተሰርዟል። መጠባበቂያ ቅጂው ሲፈተሽ እርሱም በትክክል እየተነሣ አልነበረም። ፊልሙን ያዳነው ጋሊን ሱስማን የምትባል የሥራው ኃላፊ በቤቷ ያስቀመጠችው ኮምፒውተር ነው። በቅርቡ ወልዳ ስለ ነበር ሥራዋን የምትሠራው ከቤቷ ነበር፤ ስለዚህም ቅጂው እርሷ ዘንድ ነበረ። ድርጅቱ ያሰበበት መጠባበቂያ ሳይሆን የአንዲት እናት የኑሮ ሁኔታ ፊልሙን መለሰው።

የእኛም መልስ ከሰው ዘንድ መጣ። ባልደረባዬ የቤቱን ፕላን በአውቶካድ ሥሎት ነበር። አውቶካድ ፋይሉ ባስቀመጡት ቁጥር የቀደመውን «ባክ» በሚል ቅጥያ ለብቻው ያኖራል፤ ቅጥያውን ስንለውጠው የክፍሎቹ ልክ በሙሉ ተከፈተልን። አናጺው ደግሞ የሚከፈለው በሥራው ብዛት ስለ ነበር፣ የፈታቸውን ጣውላዎች በልጁ ደብተር ላይ በእርሳስ ሥሎ፣ ቁጥራቸውን ጽፎ፣ ከጎኑ የክፍሉን ስም በቁቤ አስፍሮ ነበር። «ጎላ» የሚለውን ቃል ከእርሱ ደብተር ላይ በላቲን ፊደል ተጽፎ ሳየው አፈርሁ። እኔ ተርጉሜ የጣልሁትን እርሱ እንደ ተነገረው አኑሮታል። ፎቶግራፎቹን ደግሞ በየቀኑ በቴሌግራም ለልጅቱ እንልክላት ስለ ነበር አንድም ሳይጎድል ከሚኒሶታ ተመለሱልን።

የሚኒሶታ ነገር ትንሽ አስገረመኝ። የእኛ የቀድሞ ጽሑፍም መጠባበቂያው ያለው እዚያው ግዛት ነውና። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በየገዳማቱና በየአድባራቱ እየዞረ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን ፊልም አነሣ፤ የፊልሙም ቅጂ ኮሌጅቪል በምትባለው መንደር በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ነፍሱን ይማርና፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜውን የፈጀው እነዚያን ፊልሞች እያነበበና እየመዘገበ ነው። የመጽሐፉን ሽታ፣ የብራናውን ልስላሴ ፊልም አይዝም። ቃሉን ግን ይዟል፤ ከፊልሙ የተነበበው ድርሳን መጽሐፉ ቢሰረቅም ቢቃጠልም አይሞትም።

የሥነ ጽሑፍ ሰው ይህን ከራሱ ታሪክ ያውቀዋል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ያ ስረዛ እንደ እኔው በስህተት የሆነ አልነበረም፤ ታስቦበት የተደረገ ነው። መልሱ ግን አንድ ዓይነት ሆነ። ሰብሳቢዎቹ ያልደረሱባቸው ቅጂዎች ከእጅ ወደ እጅ በስውር እየተላለፉ ቆዩ፤ ሥርዓቱ ካለፈ በኋላም መጽሐፉ እንደገና ታተመ። አጥፊው አንድ ቢሮ ነበር፤ መላሹ ስሙ የማይታወቅ አንባቢ ሁሉ ነው።

እንግዲህ ልኩም፣ ቁጥሩም፣ ፎቶግራፉም ተመለሰ። ያልተመለሰው ባለቤቲቱ የነገሩኝ ነበር። ያን ከእኔ በቀር የጻፈው፣ ከመዝገቡም በቀር የያዘው አልነበረም። ባልደረቦቼ «ከምታስታውሰው ጻፈው፤ ማን ያውቃል?» አሉኝ። ፈተናው ቀላል አልነበረም። ግማሹን አስታውስ ነበር፤ የቀረውንም አሳምሬ መሙላት ይቻለኛል። ልብ ወለድ የሚወድ ሰው ይህ ዓይነቱ ሥራ አይከብደውም።

ያን ሰሞን ስለ ቶማስ ካርላይል አሰብሁ። ስኮትላንዳዊው ጸሐፊ የፈረንሳይን አብዮት ታሪክ የመጀመሪያ ቅጽ ጽፎ አንድ ለእናቱ የሆነውን ረቂቅ ለወዳጁ ለጆን ስቱዋርት ሚል አዋሰው። በ1835 እ.ኤ.አ. አንዲት ሠራተኛ ቆሻሻ ወረቀት መስሏት እሳት አቀጣጠለችበት። ካርላይል ማስታወሻ አላስቀረም ነበር። ተቀምጦ እንደገና ጻፈው፤ መጽሐፉም በ1837 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ስም አተረፈ። ዓለም ታሪኩን እንደ ጽናት ምሳሌ ይናገረዋል፤ ትክክል ነው። የተቃጠለውን ግን ማንም አላነበበውም። ካርላይል የመለሰልን የጠፋውን አይደለም፤ በጠፋው ምትክ ሌላ ሰጠን። ደራሲ ለገዛ ጽሑፉ ይህን ማድረግ ይችላል፤ የእርሱ ነውና። እኔ ግን የሰው ቃል ተቀባይ እንጂ ደራሲ አልነበርሁም።

ስለዚህ ሰኞ ዕለት ወደ ባለቤቲቱ ሄድሁ። ለጊዜው በጎረቤት ቤት ተጠግተው ነበር። «እማማ፣ የነገሩኝን ሁሉ አጥፍቼዋለሁ» አልኋቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ «ማሽኑ ነው ወይስ አንተ?» አሉኝ። «እኔ ነኝ» አልሁ። «እንግዲያው ተቀመጥ፤ ማሽኑ ቢሆን ኖሮ አልነግርህም ነበር» ብለው ቡና አስፈሉ።

ሁለተኛው ንግግር ግን እንደ መጀመሪያው አልሆነም። ከኮርኒሱ ጣውላዎች መካከል አምስቱ መልካቸው የተለየ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ስለ እነርሱ ስጠይቃቸው «ዝናብ አበላሽቶት ነው» ብለውኝ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። አሁን ግን ስኒያቸውን አስቀምጠው «ዝናብ አይደለም፤ ፈታሾች ናቸው» አሉኝ። በደርግ ዘመን አንድ ሌሊት ባለቤታቸውን ሊወስዱ የመጡ ሰዎች ጦር መሣሪያ ፍለጋ ኮርኒሱን በአካፋ እጀታ እየጎሰሙ አውርደውታል። ሰውዬው ከወራት በኋላ ተፈትተው ሲመለሱ በመጀመሪያ የሠሩት ሥራ እነዚያን አምስት ጣውላዎች መተካት ነበር። «መጀመሪያ ለምን አልነገሩኝም?» ስል ጠየቅኋቸው። «ሜትር ይዘህ ነበራ የመጣኸው» አሉኝ። «ልጄም አታውቅም። እኔ ራሴ እስክነግራት በዚያ ማሽን ውስጥ እንዳታስገባው።» እስኪነግሯት ጠበቅሁ። ዛሬ እዚህ የጻፍሁት እናትም ልጅም ፈቅደውልኝ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ «እንግዲያው መጥፋቱ በጀ» እንዳትለኝ እሰጋለሁ። አልበጀም። ወለሉን ማን እንደ ሠራው በመጀመሪያው ቀን ነግረውኝ ነበር። የአናጺውን ስም ከነአባቱ፣ ከየትኛው ቀበሌ እንደ መጣም ጭምር ነግረውኛል፤ እኔም ጽፌዋለሁ። በሁለተኛው ቀን ግን ስሙ አልመጣላቸውም። ግንባራቸውን ይዘው ቆዩ። «ረጅም ሰው ነበር፤ ሲሠራ ያፏጫል» አሉ። በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም ጊዜ ሄጄ ጠየቅሁ፤ አልመጣም። እኔም የጻፍሁት ሰው ነኝ፤ በእጄ ከተብሁት በኋላ ከአእምሮዬ አውጥቼዋለሁ። ሰው የጻፈውን ይረሳል፤ መጻፍ ለመርሳት ፈቃድ ይሰጣልና። የዚያ ሰው ስም በዓለም ላይ የቀረው በሁለት ቦታ ነበር፤ በአንዲት አሮጊት ትውስታና በአንድ መዝገብ። መዝገቡን እኔ አጠፋሁት፤ ትውስታው ደግሞ ለእኔ አንድ ጊዜ ሰጥቶ ደከመ።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሕፈት ያለ ይወረሳል» እየተባልሁ ነው ያደግሁት። አልክደውም፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው ብዬ አምናለሁ። አምቦ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን «ሀገረ ሕይወት» ተብላ ነበር። በካርታ የተሳለው፣ በማኅተም የተቀረጸው ያ ስም ነበር። በሰው አፍ ግን አምቦ አምቦ ሆና ቆየች፤ ጽሕፈቱም በመጨረሻ ወደ አፉ ተመለሰ። እዚህ ላይ የወረሰው ቃሉ ነው፤ የተረሳው ጽሕፈቱ። እንግዲህ አስተማማኙ ቃል ብቻ ወይም ጽሕፈት ብቻ አይደለም፤ በብዙ ሰው ዘንድ መኖሩ ነው።

ጣውላዎቹ የወጡበትን ጭልሞን ሳስብም ይኸው ትምህርት ይመጣብኛል። በአዲስ አበባና በአምቦ መንገድ፣ ከጊንጪ በላይ የቀረው ያ ደን ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራ የሚበቅልበት የደጋ ደን ነው። ቀድሞ ከነበረው ስፋት ብዙውን ተቆርጦ አጥቷል። ሰው «መሬቱ ይረፍ እንጂ ደኑ በራሱ ይመለሳል» ሲል እሰማለሁ። የደን ተመራማሪዎች የደጋ ደኖቻችንን አፈር መርምረው የነገሩን ግን ሌላ ነው። በአፈሩ ውስጥ ተደብቆ ለዓመታት የሚቆየው ዘር በብዛት የሣርና የአረም ነው፤ አብዛኞቹ ትልልቅ ዛፎች በአፈር ውስጥ ዘላቂ የዘር ክምችት አይተዉም። ዘር ሰጪ እናት ዛፍ በአካባቢው ካልቀረ የሚመለስ ደን የለም። አፈሩ የተሰረዘውን ሁሉ የሚያኖር ማጠራቀሚያ አይደለም ማለት ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በጭልሞ የተጀመረው፣ ደኑን ከአካባቢው ሕዝብ ጋር በጋራ የማስተዳደር ሙከራ ከአገራችን ቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር፤ እኔ እንደሚገባኝ ፍሬ ነገሩ ቆመው የቀሩትን ዛፎች ለብዙ ጠባቂ ማስረከብ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የደረስሁበትን አስተያየት እነሆ። አንደኛ፣ መመለስ ከጠፋ በኋላ የሚጀመር ሥራ አይደለም። ከጠፋ በኋላ የምናደርገው ቀደም ሲል ያደረግነውን መሰብሰብ ብቻ ነው። የተነሣ ቅጂ ሁሉ ቅጂ አይባልም፤ አንድ ጊዜ እንኳ ተከፍቶ ካልተፈተነ ተስፋ ነው። ዛሬ በቢሯችን በየወሩ መጀመሪያ አንድ መዝገብ ከመጠባበቂያው አውጥተን፣ በሌላ ቦታ ከፍተን፣ መሙላቱን እናያለን። በሌላ ቦታ የምለው በምክንያት ነው፤ የትናንቱን ቅጂ በዛሬው ላይ የሚደፋ ሰው አንዱን መዝገብ ለማዳን ሌሎች ዛሬ የጻፉትን ሁሉ ያጠፋል። የጠፋውን ብቻ ለይቶ ማውጣትና ወደ ቦታው መመለስ ነው ጥበቡ።

ሁለተኛ፣ «እርግጠኛ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ማንንም አያድንም። ሰው ሲሳሳት እርግጠኛ ሆኖ ነውና። ጥሩ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ይቅር ይላል። ለመሰረዝ የፈቀደውን ያህል ለመመለስም መንገድ ይተዋል። ሶፍትዌር የሚሠሩ ወጣቶቻችን ይህን ቢያስቡበት እወዳለሁ።

ሦስተኛ፣ ቅጂው በአንድ ሰው እጅ እንዳይሆን። የጽሕፈት ቤቶቻችን አሮጌ ልማድ ይህን ያውቅ ነበር። ከእያንዳንዱ ደብዳቤ ግርጌ «ግልባጭ» የሚል ቃል አለ፤ ለመዝገብ ቤት፣ ለሚመለከተው ክፍል፣ ለባለጉዳዩ። ቢሮክራሲ እያልን ስንስቅበት የኖርነው ያ ቃል ስንቱን መብት፣ ስንቱን የመሬት ይዞታ አትርፏል! የእኔ ፋይል ቢቃጠል የአንተ ግልባጭ ይመሰክርልኛል። ግጥማችሁን በአንድ ስልክ ብቻ የያዛችሁ ወዳጆቼ፣ ለሁለት ሰው ላኩት። አሳታሚ እስኪገኝ ወዳጅ ይያዝላችሁ።

አራተኛውና ለእኔ ከሁሉ የከበደው፣ ያጠፋውን ሰው ማወቅ ያለበት ባለቤቱ መሆኑ ነው። ባልናገር ኖሮ መዝገቡን በግምቴ ሞልቼው፣ አምስቱ ጣውላዎች በዝናብ እንደተበላሹ ጽፌ አልፍ ነበር። ልክ የመሰለ መዝገብ ይኖረን ነበር፤ ውሸቱ ግን ሁለት እጥፍ ይሆን ነበር።

ቤቱ ከመስቀል በፊት ተጠናቀቀ። 64ቱም ጣውላዎች ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ አምስቱም ሌላ መልካቸውን እንደያዙ በኮርኒሱ ላይ አሉ። ልጅቱ «ቀለም ቀቡና አመሳስሏቸው» እንዳትል ፈርቼ ነበር፤ አላለችም። አዲሱ መዝገብ በሦስት ቦታ ተቀምጧል። የክፍሎቹ ስም በኦሮምኛም በአማርኛም ተጽፏል። ቁጥሩ ግን ከቀድሞው የተለየ ነው፤ ሶፍትዌሩ እንደ አዲስ መዝገብ እንጂ እንደ ተመለሰ አላወቀውም። አንዳንድ ቀን ይህ የማሽን ግትርነት ከእኛ ይልቅ ሐቀኛ ይመስለኛል።

በመዝገቡ ላይ «ወለሉን የሠራው አናጺ» የሚል መስመር አለ። ከፊቱ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ባልደረባዬ መስመሩን እንሰርዘው ብሎ ነበር፤ ባዶ ቦታ ሥራውን ያላለቀ ያስመስለዋል በማለት። እኔ እንዲቀር ለመንሁት። ባዶው ቦታ በዚያ የነበረ ስም እንዳለ ይናገራል። እማማም እስከ ዛሬ ስሄድ በር ላይ ይቀበሉኝና፣ ሳልጠይቃቸው፣ «ገና አልመጣልኝም» ይሉኛል።